የእድሩ ማድ ቤት፦ ከኅዳር እስከ ሰኔ የያዝኩት የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር መግቢያ

ግቢው ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ወደ አንገረብ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነው። የእድራችን ግቢ። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ የሚቀመጥበት አንድ ክፍል አለ። ከጎኑ በቆርቆሮ የተከለለ ሰፊ ማድ ቤት አለ። መጀመሪያ የተሠራው ለለቅሶና ለተዝካር ነበር። እያደር ግን እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶችና ለሱቆች የሚያስረክቡ ሴቶች ተጠጉበት። አብዛኞቹ የቀበሌ ቤት ተከራዮች ናቸው። ቤታቸው ጠባብ ነው፣ ጭስ የሚወጣበት ቀዳዳ እንኳ የለውም። እድሩ «ግቡ፤ ቦታውን ብቻ ንጹሕ አድርጉት» አላቸው። እንዲህ ተጀመረ።

እኔ የመብራት ሠራተኛ ነኝ። ቤት ለቤት እየዞርኩ ሽቦ እዘረጋለሁ። የእድሩ ጸሐፊ ደወለልኝና «ከዩኒቨርሲቲ ልጆች መጥተዋል፤ ስለ መብራትና ስለ ጭስ ነው የሚያወሩት፤ ና ስማልን» አለኝ። ሄድኩ።

ልጆቹ ጨዋ ናቸው። ደብተር ይዘዋል። ሊያደርጉ ያሰቡት ነገር «ሕያው ቤተ ሙከራ» ይባላል አሉን። አዲስ ዕቃን በዝግ ክፍል ከመሞከር ይልቅ ሰው በሚኖርበት ሰፈር፣ ከሰፈሩ ሰው ጋር ሆኖ መሞከር ማለት ነው። ሐሳቡን ብዙ ጊዜ የሚያያይዙት አሜሪካ በኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ መምህር ከነበሩት ከዊሊያም ሚቸል ጋር ነው። በኋላ አውሮፓ ውስጥ ተስፋፋና እ.ኤ.አ. በ2006 እነዚህን ቦታዎች የሚያገናኝ ትልቅ መረብ ተቋቋመ። አየሩን የሚያሞቀውን የካርቦን ጭስ መቀነስ የሚፈልጉ ከተሞችም በዚህ መንገድ ሰፈር መርጠው ኃይል፣ ውኃና ቆሻሻ ላይ ሙከራ ያደርጋሉ።

ይዘውት የመጡት ሐሳብ ጣሪያው ላይ ሶላር መስቀል ነበር። ሒሳቡን እዚያው ሠራነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 4 ኪሎዋት ይፈልጋል። ባለ 500 ዋት ፓነል ቢሆን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ እንኳ ለአንድ ምጣድ 8 ፓነል። ሴቶቹ ደግሞ ሥራ የሚጀምሩት ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ፀሐይ ገና የለችም። ባትሪ ይጨመር ከተባለ ዋጋው ከምጣዱም ከፓነሉም ይበልጣል። ልጆቹ ተያዩ። አልገፉበትም፤ ያ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሁላችንም «እትዬ» የምንላት፣ ከጋጋሪዎቹ በዕድሜ ከፍ የምትለው፣ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ጠየቀች። «እሺ ልጆቼ፣ ትሞክራላችሁ። ሲሞከር የተበላሸውን እንጀራ ማን ይከፍላል?»

ማንም መልስ አልነበረውም። ስብሰባው በዚሁ ጥያቄ ተበተነ።

ኅዳር አጋማሽ

ጥያቄዋ ከአእምሮዬ አልወጣም። ነገሩ ቀላል ነው። ልጆቹ ሙከራቸው ባይሳካ ጥናት ይጽፋሉ፤ «አልተሳካም» የሚል ጥናትም ጥናት ነው። እኔ የቀን አበሌን እቀበላለሁ። እሷ ግን ዓይን ያላወጣ እንጀራ ይዛ ምግብ ቤት ብትሄድ ነገ አይቀበሏትም። ደንበኛ አንዴ ከሄደ ሄደ ነው።

የእድሩ ዳኛ መላ አመጡ። አንድ ሳጥን ይቀመጥ። ልጆቹ ለሙከራ ካገኙት ገንዘብ የተወሰነውን ያስገባሉ፤ እድሩም ከገቢው ይጨምራል። በሙከራ ምክንያት የተበላሸ እንጀራ በማስረከቢያ ዋጋው ጧቱን ይከፈላል። ክርክር የለም፣ ምስክር አያስፈልግም። የተበላሸው ራሱ ለድርቆሽ ይሄዳል። «የብልሽት ሳጥን» ብለን ጻፍንበት። ቁልፉ ከገንዘብ ያዥዋ ጋር ነው።

ይህች ሳጥን ከገባች በኋላ የማድ ቤቱ ፊት ተለወጠ። ከዚያ በፊት «እንሞክር?» ስንል «ነገ» ነበር መልሱ። አሁን ራሳቸው ይጠሩኛል። እኔን ብትጠይቁኝ ከሽቦውም ከምጣዱም በፊት መሠራት የነበረበት ሥራ ይሄ ነው።

ልጆቹ ያነበቡትን አንድ ነገር ነገሩኝ። ሄልሲንኪ ውስጥ ካላሳታማ የሚባል የድሮ ወደብ ሰፈር አለ። መኖሪያ ሲሆን እንደ ቤተ ሙከራ ተያዘ። ግባቸው ነዋሪው በቀን አንድ ተጨማሪ ሰዓት እንዲያገኝ ነው። ለሙከራ ትንሽ ገንዘብና ጥቂት ወር ይሰጣሉ። ካልሠራ ይተዋል፤ ብዙ አይከስርም። በሌላ በኩል አቡ ዳቢ በረሃ ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 የታወጀችው ማስዳር አለች። ከባዶ የምትገነባ ካርቦን አልባ ከተማ። እ.ኤ.አ. በ2016 ታልቃለች ተብላ ነበር፤ ጊዜው አለፈ፣ ዕቅዱም ተከለሰ። በረሃው ላይ «የተበላሸውን ማን ይከፍላል» የሚል ጋጋሪ አልነበረም መሰለኝ።

ኅዳር መጨረሻ

አዲስ ነገር ከማስገባታችን በፊት ያለውን መዘንን። እያንዳንዷ ከመጀመሯ በፊት እንጨቷን በሚዛን ትመዝናለች፤ ስትጨርስ የተረፈውን ትመዝናለች። ልዩነቱን በተጋገረው ብዛት እናካፍላለን። ምንም ጥበብ የለውም፣ ትዕግሥት ብቻ ነው።

አንዷ ጋጋሪ ፊደል አልቆጠረችም። ልጆቹ ቅጽ ሰጧት፤ ቅጹን ምጣድ መሸፈኛ አደረገችው። በምትኩ ግድግዳው ላይ በከሰል ጭረት ጀመረች። ለአሥር እንጀራ አንድ ጭረት፣ እንጨት ስትጨምር ደግሞ ከሥሩ ነጥብ። ከሁላችንም መዝገብ ያልተዛነፈው የእሷ ነው። ልጆቹ በየጧቱ ስልካቸውን አውጥተው ግድግዳውን ፎቶ ያነሳሉ።

ከመዘንነው የተማርነው፦ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይበላል እንጂ አያበስልም። ሙቀቱ ውኃውን በማትነን ያልቃል። ሦስት ጉልቻ ላይ ያለ ምጣድ ደግሞ ነበልባሉን ለሁሉም አቅጣጫ ይበትናል። አብዛኛው ሙቀት የሚያሞቀው ምጣዱን ሳይሆን ጣሪያውንና የጋጋሪዋን ጉልበት ነው።

ታኅሣሥ

የመብራቱ ሥራ ተጀመረ። ማድ ቤቱ ውስጥ ከዚህ በፊት አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነበር፤ «ሶኬቱን ስለሚያቀልጠው» ተብሎ ተትቷል። ገልጬ አየሁት። ስፒናውም ሶኬቱም 16 አምፔር የሚል ተጽፎባቸዋል። ምጣዱ በ220 ቮልት ከ17 አምፔር በላይ ይስባል። ለአንድ ሰዓት እንዲህ ሲሠራ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ መንጋጋው ይላላል፣ ሲላላ ይበልጥ ይግላል። ከተማው ውስጥ ስንት ቤት እንዲህ ያለ ጥቁር ሶኬት አለው!

የሠራሁት፦ ለእያንዳንዱ ምጣድ ለብቻው ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ገመድ፣ ለብቻው ብሬከር፣ በስፒና ፋንታ በቀጥታ የታሰረ ማብሪያ ማጥፊያ። የምጣዶቹን የብረት ማስቀመጫዎች በሙሉ በሽቦ ከመሬት ጋር አያያዝኩ። ወለሉ ሁሌ እርጥብ ነው፤ ሴቶቹ ግማሽ ቀን ባዶ እግራቸውን ናቸው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲያገኝ በቅጽበት የሚቆርጠውን ባለ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከር ዋናው ሳጥን ላይ አስገባሁ። ውድ ነው። ገንዘብ ያዥዋ ዋጋውን ስትሰማ «ለዚች?» አለች። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ይቺ አትቀርም አልኳት።

ሦስት ምጣድ ባንድ ጊዜ ከ50 አምፔር በላይ ነው። ለግቢው የገባው አንድ ፌዝ፣ ማለትም አንድ የኃይል መስመር ብቻ ነው፤ ይህን አይችልም። ስለዚህ ለጊዜው ሁለት ምጣድ ብቻ። ሦስት ፌዝ እንዲገባልን ማመልከቻ ጻፍን።

የታኅሣሥ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ጋጋሪዎቹ «ማታ ምጣዱ ይሰንፋል» ይሉኛል። ሊጡ ያው፣ ምጣዱ ያው፣ እጁ ያው። ጧት የወጣው እንጀራ ዓይኑ ድርድር ብሎ ያምራል። ማታ 1 ሰዓት ላይ የተጋገረው ድንዝዝ ያለ፣ ዓይኑ የተደፈነ፣ ሥሩ የሚለጠፍ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ እርሾው ላይ ጠረጠሩ። እትዬ ተቆጣች። «እርሾዬን ለቀቅ አድርጉ!»

ቴስተሬን ይዤ አመሸሁ። ጧት 218 ቮልት የነበረው ማታ 187 ሆኖ አገኘሁት። ሰፈሩ ሁሉ ከሥራ ገብቶ ምድጃና ምጣድ ሲሰካ መስመሩ ይደክማል። ኃይል ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ በካሬ ነው የሚወርደው። 187ን ለ220 አካፍሉ፤ 0.85 ነው። በራሱ ሲባዛ 0.72። ማለትም ማታ ምጣዱ ከኃይሉ ከሩብ በላይ አጥቷል። ባለ 4 ኪሎዋቱ ምጣድ ከ3 በታች ሆኗል። ሊጡ ሲፈስበት ምጣዱ ወዲያው ይበርዳል፤ እንፋሎቱ በኃይል ስለማይወጣ ዓይን አይፈጠርም።

ይህን በሒሳብ ስነግራት እትዬ አልተደነቀችም። «ሰንፏል አላልኩህም?» አለችኝ።

የተወሰነው፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሌሊት 10 ሰዓት እስከ ረፋድ ብቻ። ማታ ኤሌክትሪክ አንነካም። ይህ ለሰፈሩም ይጠቅማል፤ በደከመ መስመር ላይ እኛም ብንጨመር የጎረቤት ፍሪጅ ይቃጠላል።

ታኅሣሥ መጨረሻ

ለመጠባበቂያ «ምርት» የሚባለው እንጨት ቆጣቢ ምድጃ። በአገራችን ከ1980ዎቹ ወዲህ የሚሠራ የታወቀ ነገር ነው፤ ሲሚንቶና ቀይ አሸዋ በቅርጽ ማውጫ ይፈስሳል። አራቱ ክፍል ተገጣጥሞ ምጣዱን ክብ አድርጎ ያቅፋል፤ ሁለቱ ከኋላ ሆነው በሚወጣው ሙቀት ድስት ያስጥዳሉ። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። እኛ ሁለት አወጣን። ሲሚንቶ ውኃ ሳይጠግብ ቢደርቅ ይሰነጠቃል፤ በየቀኑ ጆንያ አልብሰን አጠጣነው። የውኃ ፈረቃችን ያልሆነ ቀን ከጎረቤት በጄሪካን አስቀዳን። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። እንጨት ግን ይቆጥባል።

ጥር

ጥምቀት። ጎንደር ለጥምቀት ምን እንደምትሆን ለጎንደር ሰው አይነገርም። እንግዳ ከየአገሩ ይገባል። ምግብ ቤቶቹ የሚያዙት እንጀራ ይበዛል፤ ከፋሲል መዋኛ ዙሪያ እስከ ፒያሳ ያለ ሁሉ ይደውላል። ለከተራ ዋዜማ ሁሉም ጋጋሪዎች ቀኑን ሙሉና ሌሊቱን ቆሙ።

የፈራነው ደረሰ፤ ሌሊቱ ላይ መብራት ሄደ። «ምርት» ምድጃዎቹ ተዘጋጅተው፣ ደረቅ እንጨት ተደርድሮላቸው ስለነበር ምጣድ ወደነሱ ዞረ። ሊጥ የሚጠብቅ ነገር አይደለም፣ ይኮመጥጣል። ትእዛዙ ሁሉ ደረሰ።

ከዚህ በኋላ ልጆቹ ሪፖርታቸው ላይ «ከእንጨት ወደ ኤሌክትሪክ ሙሉ ሽግግር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሰረዙት። ሁለቱም ይኑር። ምድጃውን አፍርሶ ኤሌክትሪክ ብቻ ያለ ሰው ከተራ ላይ ምን ይል ነበር? አንዱ ልጅ ግን ቅር ብሎታል። ካርቦኑ ላይ ነው ልቡ። እውነቱን ነው፤ የአገራችን መብራት ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውኃ ነው፣ ቀሪው በአብዛኛው ከነፋስ። በመብራት የተጋገረ እንጀራ ላይ የሚወጣ ጭስ የለም ማለት ይቻላል። የጓሮአችን የጣና ውኃ ራሱ ነው በዋሻ ወደ በለስ ወርዶ ጣና በለስ ላይ ተርባይን የሚያዞረው። ይህን ስነግራቸው ሴቶቹ «ታዲያ ምነው ከዚህ ድረስ መምጣት ያቃተው» ብለው ሳቁ።

የካቲት

ምጣዱን ከሥሩ ማልበስ። ገበያ ላይ የሚሸጠው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሸክላው ሥር የሚግለው ሬዚስታንስ ሽቦ ቦይ ውስጥ ይተኛል፤ በጀሶ ይደፈናል፤ ከዚያ ባዶ የላሜራ ሳህን። ሙቀቱ ወደ ታች እንደልቡ ይሄዳል። እጄን ከሳህኑ ሥር ላሳርፍ ብዬ ወዲያው አነሳሁት።

ለመሙያ ሱፍ ነገር ከመግዛት ያለንን አየን። አመድ አለን፣ ሞልቶ። ቀይ አሸዋም አለ፣ ውስጡ ቀዳዳ የሞላበት ድንጋይ ነው፣ አየር ይይዛል። አመዱን በወንፊት ነፋን፤ ከሰልና ሚስማር አውጥተን ጣልን። ከቀይ አሸዋ ደቃቅ ጋር ቀላቅለን ምጣድ ላይ አመስን። እርጥበት ካለው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሽቦው በጀሶ መደፈኑን በቴስተር ካረጋገጥኩ በኋላ ሞላነው።

ውጤቱ በእጅ ይታወቃል። አሁን ከሥሩ እጅ ማሳረፍ ይቻላል። ሁለተኛው ነገር የበለጠ ነው፦ ማብሪያውን አጥፍተው ሦስት አራት እንጀራ በቀረው ሙቀት ይጋገራል፤ ዓይኑም ያው ነው። ድሮ ካጠፉ አንድ ነበር፣ እሱም አጠራጣሪ።

አንድ ምጣድ ተሰነጠቀ። ሳጥኑ ከፈለ። ሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ ወለቃ ሄድን። አንዲት እናት የተሰነጠቀውን አንኳኩተው ድምፁን ሰሙና «ይሄ ለእሳት ነው የተሠራው» አሉን። እሳት ከዳር እስከ መሐል እየተቀያየረ ያሞቃል፤ ሽቦ ግን በመሥመሩ ላይ ብቻ ነው የሚያቃጥለው። ለመብራት የሚሆነውን ወፈር፣ አፈሩንም ሻካራ አድርገው እንደሚሠሩ ነገሩን። ሲያዝዙ «ለመብራት» ማለት ነው። አዲሱን ምጣድ ለማሟሸት ቀን ተሰጠው፤ በዝግታ ማሞቅ፣ ጎመን ዘር ማሸት፣ ማቀዝቀዝ፣ እንደገና። ልጆቹ ይህን «የቁሳቁስ ማላመድ» ብለው ጻፉት። ይጻፉት።

መጋቢት

ሁዳዴ። ጾም ነውና የእንጀራ ፍላጎት አልቀነሰም፤ ሽሮው ያለ እንጀራ አይበላም። የወሩ ጉዳይ ሒሳብ ነው።

ቆጣሪው ካርድ ነው። ካርዱ ቶሎ አለቀ። ሴቶቹ ተጠራጠሩ፤ እንዴት አብረን ስንጋግር ይብስብናል? ተቀምጠን አየነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው። የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ርካሹ። እየጨመርክ ስትሄድ እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ይወደዳል፤ የመጨረሻው ከ500 በላይ ነው። ባለ 4 ኪሎዋት ምጣድ ለ12 ሰዓት ተኩል ሲሠራ 50ውን ይጨርሳል። ለአንድ ቤት ይህ የወር ጋገራ ሊሆን ይችላል። ለእኛ የአንድ ጧት ነው። ብዙ ድሃ በአንድ ቆጣሪ ሲሰበሰብ እንደ ሀብታም ቤት ይቆጠራል ማለት ነው። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ ታሪፉ ሲወጣ የጋራ ማድ ቤት አልታሰበም። መፍትሔው ቆጣሪው ለንግድ አገልግሎት እንዲሆን መጠየቅ ነው፤ ከሦስት ፌዙ ማመልከቻ ጋር አያያዝነው።

እስከዚያው ቁጠባውን ከሌላ ቦታ አገኘነው። አንድ ምጣድ እስኪግል ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሩብ ሰዓት በ4 ኪሎዋት፣ 1 ኪሎዋት ሰዓት። አምስት ሴት በየተራዋ መጥታ አሙቃ፣ ጋግራ፣ አጥፍታ ብትሄድ 5 ኪሎዋት ሰዓት ለማሞቂያ ብቻ ይሄዳል። አንዷ ስታበቃ ሌላዋ ሊጧን ይዛ አጠገቧ ቆማ ብትቀበላት 1 ብቻ። በቡሃቃ የተሞላ ሊጥ ወረፋ ይዟል፤ ምጣዱ አይበርድም። ይህን እንኳ እኔ አላመጣሁትም። ከጋጋሪዎቹ ሁለቱ ታናናሾች ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ የከሰል ጭረቱ ላይ ነው ያየነው።

ወረፋውን እንደ እቁብ አደረጉት። ዕጣ ይወጣል፤ ሌሊት 10 ሰዓት የምትጀምረው በየሳምንቱ ትቀያየራለች። የመጀመሪያዋ ማሞቂያውን ስለምትከፍል ከሒሳቧ ይቀነስላታል። የቀረች መቀጮ አላት። እድር ያለው ሰፈር ደንብ ማውጣት አይከብደውም። ልጆቹ «የአስተዳደር መዋቅር» እናዘጋጅ ብለው ይዘው የመጡት ወረቀት ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም።

ሚያዝያ

ፋሲካ። ሥራ በዝቶ መጻፍ አልቻልኩም። ዋናው መስመር ላይ አንድ የገመድ መገጣጠሚያ ግሎ ተገኘ፤ አጥብቄ አሠርኩት። ሌላ የለም።

ግንቦት

እንግዶች መጡ። ማድ ቤቱን አዩ፣ ፎቶ ተነሡ፣ እንጀራ በአዋዜ ቀመሱ። አንዱ «ይሄ አካባቢ የኢኖቬሽን መንደር መሆን አለበት» አሉ። ምን ማለት እንደሆነ ሲያብራሩ፦ ዩኒቨርሲቲው፣ አዳዲስ ድርጅቶች፣ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ልጆች፣ ካፌ፣ ሁሉም በአንድ ሰፈር። አጥሩ ይነሣል፣ የእግረኛ መንገድ ይሠራል። ከተማው የኮሪደር ልማት ይዟል፣ የፋሲል ግቢም ታድሷል፣ የእኛም ቁልቁለት ይታሰብበት ነው ነገሩ።

ሐሳቡን አልጠላሁትም። ጎንደር ድሮም እንዲህ ያለች ከተማ ናት። 1628 ዓ.ም ገደማ ፋሲል ከቆረቆሯት ወዲህ በሰፈር በሰፈር ነው የተሠራችው፦ ካህናቱ እጨጌ ቤትና አቡን ቤት፣ ነጋዴውና ሸማኔው አዲስ ዓለም። ሙያ ከሙያ ጋር ሲኖር ልጅ ከጎረቤት እጅ ይማራል።

ሴቶቹ ግን ዝም አሉ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ከታናናሾቹ አንዷ «ካፌ ከመጣ ኪራዩ ስንት ይገባል?» አለች። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ባርሴሎና ውስጥ ፖብሌኖው የሚባል የድሮ የፋብሪካ ሰፈር አለ። በ2000 እ.ኤ.አ. ወደ 200 ሄክታር የሚጠጋው ቦታ «22@» በሚል የኢኖቬሽን ቀጠና ተባለ። ድርጅቶች ገቡ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ በዓለም ዙሪያ ምሳሌ ሆኖ ተጠቀሰ። ነዋሪዎቹ ግን ዋጋ ከአቅማችን በላይ ሆነ፣ ወርክሾፖቻችን ተፈናቀሉ ብለው ለዓመታት ተሟግተዋል። ሁለቱም እውነት ነው። እኛ ጋ የሚሠራው ነገር የሚሠራው ጋጋሪዎቹ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በእግር መድረስ ስለሚችሉ ነው። ራቅ ወዳለው ወደ አዘዞ ከተገፉ በዚያ ሰዓት ባጃጅ የለም፤ ምጣዱም ይበርዳል።

እድሩ በስብሰባው ያሳለፈው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማድ ቤቱን የሚመለከት ማንኛውም ዕቅድ መጀመሪያ ለጋጋሪዎቹ ይነበባል፤ በአማርኛ፣ ድምፅ ከፍ አድርጎ። ሁለተኛ፣ ግቢው የእድሩ መሆኑን የሚያሳየው ሰነድ ተባዝቶ በሦስት ሰው እጅ ይቀመጣል። ዳኛው አክለው «ሰነዱ አንድ ሰው ጋ ብቻ ሆኖ አይጥ የበላበት እድር አውቃለሁ» አሉ።

ሰኔ መግቢያ

ዝናቡ ገባ። ውኃ ላይ ሥራ ጀመርን። ጋገራ ብዙ ውኃ ይወስዳል፦ ለሊጥ፣ ለአብሲት፣ ለዕቃ እጥበት። ቧንቧችን በፈረቃ ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ አቅሙ ከቀነሰ ቆይቷል። ደለሉ የሚመጣው ከላይ ካለው ከተራቆተ መሬት ነው፤ መሬቱ ከተራቆተበት ምክንያት አንዱ ደግሞ ማገዶ ነው። እትዬ ይህን ስትሰማ ዝም ብላ ቆይታ «በእናቴ ጊዜ እዚያ ማዶ ዛፍ ነበር» አለችኝ፣ በእጇ ወደ ሸንተረሩ እያሳየች። ልጆቹ ሥዕል ሠርተው ሊያስረዱ ያሰቡት ይህንን ነበር፤ ሥዕሉን መልሰው ከረጢት ውስጥ ከተቱት።

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው። የማድ ቤቱ ጣሪያ 40 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ 25 ሚሊ ሜትር ዶፍ ቢመጣ እስከ 1,000 ሊትር፣ አምስት በርሜል። አሸንዳ ሠርተን በርሜል አቀባበልን። የመጀመሪያው ዝናብ እንደ ቡና ጥቁር ሆኖ ወረደ፤ ጣሪያው የስንት ዓመት ጥላሸት ነው ያጠበው። ስለዚህ አሸንዳው ላይ የሚነቀል ክርን አደረግሁለት፦ ዝናብ ሲጀምር ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ ሲጠራ ወደ በርሜል ይዞራል። ይህ ውኃ ለዕቃና ለወለል ነው። ለሊጥ የቧንቧው።

ሰኔ አጋማሽ

ሦስት ፌዙ ተፈቀደ። ምሰሶው ግን በመንገዱ ሥራ ምክንያት ሊነሣ ስለሆነ ገመዱ የሚሳበው ምሰሶው ከተተከለ በኋላ ነው። ሦስት ምጣድ ሲገባ እያንዳንዱ በየራሱ ፌዝ ላይ ይታሰራል። ያኔ ማታ እንኳ ቮልቱ እንዲህ ላይወርድ ይችላል። ሳልለካ አላምንም።

ከልጆቹ ሁለቱ ዘንድሮ ይመረቃሉ። መዝገቡን ለጋጋሪዎቹ አስረከቡ፣ ቅጂውን ይዘው። ከተከታዮቻቸው አንዱ በባዮጋዝ፣ ማለትም እበት አብላልቶ ጋዝ በማውጣት ሐሳብ መጥቷል፤ የእንጀራ ቤት ፍሳሽና የጎረቤት የከብት እበት አለ ይላል። ከብቱ ያለው ስንት ቤት ነው? ባዮጋዝ ያለ በቂ እበት አይሄድም፤ ጎንደር ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ማብላያው ይዘገያል። እበቱን ለአንድ ወር ይመዝን ብለነዋል፤ ገንዘብ ያዥዋም ወደ ሳጥኑ አሳይታዋለች።

ለሐምሌ የቀሩ ሥራዎች፦ የሁለተኛውን ምጣድ መሙያ አውጥቶ ማድረቅ፣ እርጥበት ገብቶበታል መሰለኝ፣ ያች ብሬከር ሁለት ጊዜ ቆርጣለች። ወለቃ ሄዶ «ለመብራት» የተባሉ ሦስት ምጣዶች ማዘዝ፣ መንገዱ ጭቃ ሳይሆን። ደረቅ እንጨት ለቡሄ ከወዲሁ መግዛት፣ ነሐሴ ላይ ዋጋው አይቀመስም።